ላፕቶፕ እንዴት ይደር?

ማታ ሥራ ሲያልቅ ላፕቶፑን አጥፍቶ መተኛት ይሻላል ወይስ እንደበራ ማሳደር? ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል መልሱም ብዙ ጊዜ ባጭሩ ይሰጣል። «በየቀኑ ማብራትና ማጥፋት ዕቃውን ይጎዳዋል» የሚሉ አሉ፤ «እንደበራ ማደር ዕድሜውን ያሳጥረዋል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያታቸውን ያመጡት ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ከድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ነው። እነዚያ ግን ባትሪ አልነበራቸውም። ላፕቶፕ ውስጥ ሌሊቱን ቀስ እያለ የሚያረጀው በዋናነት ባትሪው ነው። ስለዚህ እኔ «ላጥፋው ወይ?» ከማለት በፊት የማስቀድመው ጥያቄ አለ፦ ባትሪው ስንት በመቶ ሞልቶ፣ በምን ያህል ሙቀት ሊያድር ነው?

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ላፕቶፕ የሚያድርባቸውን መንገዶች እንለይ። እንደበራ ሲያድር ስክሪኑ ቢጠፋ እንኳ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ክፍል)፣ ዲስኩና ዋይፋዩ ኤሌክትሪክ መውሰዳቸውን አያቆሙም፤ ሥራ ሳይሠራ የተቀመጠ ላፕቶፕ እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 15 ዋት ይወስዳል። ስሊፕ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ያርፍና ኃይል የሚያገኘው በዋናነት ራሙ ይሆናል። ራም መረጃ የሚይዘው ቶሎ በሚፈስ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክምችት ነው፤ ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት እያንዳንዱን ሴል በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ እንደገና ማደስ አለበት። በስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ 1 ዋት አካባቢ የሚወስደው ለዚህ ነው። ባትሪው ሌሊት ካለቀ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሃይበርኔት ራሙ ውስጥ ያለውን ዲስኩ ላይ ጽፎ ኃይሉን ይዘጋል፤ ጠዋት ያንኑ መልሶ ያነብና ካቆማችሁበት ያስቀጥላችኋል። ሻት ዳውን ደግሞ ፕሮግራሞቹንም ሲስተሙንም ዘግቶ ያጠፋል።

ወይም ያጠፋል ብለን እናስባለን። ዊንዶውስ ላይ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። ሻት ዳውን ሲባል የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነልና ድራይቨሮቹ (የዕቃውን ክፍሎች የሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ግን አይዘጉም። የነበሩበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይጻፍና በማግሥቱ ከነበሩበት ይቀጥላሉ። ኮምፒውተሩ ቶሎ የሚነሣውም በዚህ ነው። ሰዉ ግን «በየማታው አጠፋዋለሁ፣ ለምን ይንቀራፈፋል?» እያለ ይቸገራል። ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩን ብትጫኑ፣ ከሥር «አፕ ታይም» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በየማታው የሚጠፋ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ሳምንታት ቆጥሮ ቢገኝ አይድነቃችሁ፤ ቁጥሩ ልክ ነው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ሪስታርት ማድረግ አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ቢሆንም ሪስታርት ከሻት ዳውን ይልቅ ሲስተሙን አጥርቶ ይዘጋል፣ ፋስት ስታርትአፕን አይጠቀምምና። ሁለተኛው የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ ሻት ዳውንን መጫን ነው፤ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሦስተኛው ነገሩን ከነጭራሹ መዝጋት ነው፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ በግራ በኩል የፓወር ቁልፎች ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበትን መስመር ተጭናችሁ፣ የተቆለፉትን አማራጮች የሚከፍተውን መስመር ከነካችሁ በኋላ «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» ላይ ያለውን ምልክት ታነሣላችሁ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ያለው ላፕቶፕ ይህን ቢያጣ የሚዘገየው በጥቂት ሰከንድ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስንም ሊኑክስንም የጫነ ሰው ግን ያለማወላወል ቢዘጋው እመክራለሁ። በፋስት ስታርትአፕ «የጠፋ» ዊንዶውስ የዲስኩን ክፍል በእጁ እንደያዘ ስለሚቆይ፣ ሊኑክስ ያንን ክፍል ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይ ተገድዶ ሲጽፍበት ፋይሎች ይበላሻሉ።

ሲስተሙን በየጊዜው ከሥሩ ማስነሣት ለምን ያስፈልጋል? አንዳንድ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ከራም የተበደሩትን ቦታ ሳይመልሱ ይቀራሉ፤ ይህ በቀናት ብዛት ይጠራቀማል። አፕዴቶችም አሉ። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማስተካከያዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል። ዊንዶውስ እየሠራ እያለ የተያዙ ፋይሎች ሊተኩ ስለማይችሉ፣ ማስተካከያው ቢወርድም ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ቀዳዳው አልተደፈነም። ሳይጠፉ መቆየት ራሱ ያመጣው አንድ የታወቀ ችግርም አለ፦ ዊንዶውስ 95 እና 98 ከ49.7 ቀን በላይ ሳይጠፉ ከቆዩ ይደርቁ ነበር። ጊዜን በሚሊሰከንድ የሚቆጥረው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው በዚያን ጊዜ ነውና። የዛሬዎቹ ሲስተሞች እንዲህ ያለ ገደብ የለባቸውም፤ ቢሆንም በሳምንት አንድ ሪስታርት በጣም ተገቢ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ባትሪው። አንድ የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ከዚያም ያልፋል። «ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ካደረ ከልክ በላይ ይሞላል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ሰርኪት ሲሞላ ያቆመዋል፣ ላፕቶፑም በቀጥታ ከቻርጀሩ ኃይል ይወስዳል። ጉዳቱ ያለው ሞልቶ መቆየቱ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ በሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ከኤሌክትሮዶቹ ጋር እየተዋሐደ ጥቅም የማይሰጥ ንጣፍ ይሠራል። በዚያው መጠን መንቀሳቀስ የሚችለው ሊቲየም ይቀንሳል። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል።

በባትሪ ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ቁጥሮች አሉ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 40 በመቶ ሞልቶ ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ሴል አቅሙ ወደ 96 በመቶ ይሆናል፤ በዚያው ሙቀት 100 በመቶ ሞልቶ የተቀመጠ ግን ወደ 80 ይወርዳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን ቁጥሮቹ 85 እና 65 ይሆናሉ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት፦ ሴሉ አንድም ቀን ሥራ አልሠራም፣ ተቀምጦ ብቻ ነው ከአቅሙ ሲሶውን ያጣው። እንደበራ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ 100 በመቶ ሞልቶ የሚያድር ላፕቶፕ ሞቆና ሞልቶ ነው የሚያድረው። ፕሮሰሰሩ ሙቀት ያመነጫል፣ ባትሪውም ብዙውን ጊዜ ከኪቦርዱ ሥር ከዚያው ሙቀት አጠገብ ነው ያለው። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ የአየር መግቢያውን ስለሚደፍን ይብሳል፤ ይህን ማንም ሰው እንዲያደርገው አልመክርም፣ ለባትሪው ብቻ ሳይሆን ለእሳት አደጋም ሲባል።

ታዲያ ነቅሎ እንደበራ ማሳደርስ? ያ ደግሞ የባሰ ነው። 60 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ8 ዋት ሲበላ በ7 ሰዓት ተኩል ያልቃል። አንድ ሙሉ የመሙላትና የማለቅ ዙር በከንቱ ማለት ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ የሚሰጠው የዙር ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500፣ የአፕል የቅርብ ዘመን ማክቡኮች 1000።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የቻርጅ ገደብ ማበጀት ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ባትሪውን 80 በመቶ (አንዳንዶቹ 60) ላይ የሚያቆም ምርጫ ሰጥተዋል። ሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» ይባላል፤ አሱስ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አለው፤ ዴልና ኤችፒ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥም ያስቀምጡታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በማክኦኤስ ካታሊና 10.15.5 የባትሪ ጤና አስተዳደርን አምጥቷል። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ የሚውል ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ፣ ይህን ገደብ ቢያበራ ደስ ይለኛል። ማታ ከማጥፋትና ካለማጥፋት ይልቅ በባትሪው ዕድሜ ላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ ባትሪን አሟጥጦ መተውም አለ። በስሊፕ የተዘጋ ላፕቶፕ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ሳምንታት ከቆየ፣ ሴሎቹ ከ2.5 ቮልት በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ከዚያም እጅግ ዝቅ ካሉ በውስጣቸው ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ መከላከያው ሰርኪትም ለደኅንነት ብሎ ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። «ባትሪው በድንገት ሞተ» ከሚባሉት ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የማትነኩት ከሆነ 50 በመቶ አካባቢ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉትና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ማብራትና ማጥፋት ይጎዳል የሚለው ክርክር ከየት መጣ? ማዘርቦርዱ፣ ቺፑና አያይዞ የሚይዛቸው ብየዳ ሲሞቁ የሚለጠጡት በተለያየ መጠን ነው። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብየዳው ትንሽ ትንሽ ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ይህ እውነተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ላይ በማሸጊያ ቁስ ድክመት ለተከሰተ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ አስታውቆ ነበር። ሆኖም ክርክሩን ለማታው ጉዳይ ማዋል አይሠራም። ዛሬ አንድ ፕሮሰሰር ከባድ ገጽ ወይም ቪዲዮ ሲከፈት ከ45 ወደ 90 ዲግሪ በሰከንዶች ይወጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወርዳል፤ ይህን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። ማታ አንድ ጊዜ መቀዝቀዙ በዚያ ሁሉ ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደግሞም ስሊፕ ላይ ያደረ ላፕቶፕም እንደጠፋው ሁሉ ይቀዘቅዛል።

የዲስኩም ጉዳይ ጊዜ ያለፈበት ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች ማንበቢያ ጭንቅላታቸውን አሳርፈው እንደገና ለማውጣት የተሰጣቸው ገደብ 300,000 ወይም 600,000 ጊዜ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ በማጥፋት ማንም አይደርስበትም። ኤስኤስዲን ሃይበርኔት ያስረጀዋል የሚለውን ደግሞ በሂሳብ እንየው። ዊንዶውስ 10 ለሃይበርኔት የሚይዘው ፋይል የራሙ 40 በመቶ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም ላለው 6.4 ጊጋባይት መሆኑ ነው። በየማታው ፋይሉ ሙሉ ቢጻፍ እንኳ በዓመት 2.3 ቴራባይት አካባቢ ይሆናል። ብዙ ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲዎች 300 ቴራባይት ለመጻፍ ዋስትና አላቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሃይበርኔትን ያለ ስጋት ተጠቀሙበት።

ከኤሌክትሪክ ፍጆታ አንጻርም ልዩነቱን ማስላት ቀላል ነው፦ በ10 ዋት ለ10 ሰዓት የበራ ላፕቶፕ በሌሊት 0.1 ኪሎዋት-ሰዓት፣ በዓመት 36 ኪሎዋት-ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ በስሊፕ ያደረ የዚያን አንድ አሥረኛ። የመብራት መቆራረጥ ወይም መብረቅ ባለበት ጊዜ ግን ከፍጆታው ይልቅ የቮልቴጅ መዋዠቅ ያሳስባል፤ ላፕቶፑ ቢጠፋም ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ ከተሰካ ዝላዩ ያገኘዋል። መንቀል የተሻለ መከላከያ ነው።

ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ የሚቀረው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በፋይልቮልት ወይም በሊኑክሱ ሉክስ የተመሰጠረ ከሆነ፣ መክፈቻ ቁልፉ ላፕቶፑ በበራበትና በስሊፕ ባለበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም መረጃውን ለሰከንዶች፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ለደቂቃዎች እንደሚይዝና ቁልፉን ከዚያ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ ጥብቅ መረጃ የያዘ ላፕቶፕ በጉዞ ላይ፣ በሆቴል ወይም ሰው በሚገባ በሚወጣበት ቢሮ የሚያድር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ቢትሎከር የምትጠቀሙ ከሆነ ሲነሣ ፒን እንዲጠይቅ አድርጉት፤ ያለ ፒን የሚነሣ ቢትሎከር ቁልፉን ገና የመግቢያው ገጽ ሳይመጣ ለራሙ አስረክቧል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥና በማግሥቱ ለሚፈለግ ላፕቶፕ ስሊፕ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ወደ ሃይበርኔት እንዲያልፍ ተደርጎ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት፤ ቦርሳ ውስጥ ለሚገባ ወይም ለቀናት ለሚቀመጥ ሙሉ ሻት ዳውን። ሃይበርኔት በዊንዶውስ ሜኑ ላይ ካልታየ ፋስት ስታርትአፕ ባለበት በዚያው ገጽ ላይ ምልክት በማድረግ ይመጣል።

እንደበራ ማደር የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ረጅም ዳውንሎድ፣ ባክአፕ፣ የቪዲዮ ሬንደር። ያኔ የቻርጅ ገደቡን አብሩ፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ስክሪኑ ብቻ በ5 ደቂቃ እንዲጠፋ አድርጉ። ኦሌድ ስክሪን ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ አንድ ምስል ሌሊቱን ሙሉ ከቆመበት አሻራው ሊቀር ይችላል። ስሊፕን እስከ ሥራው መጨረሻ ለማዘግየት ማክ ላይ ካፌይኔት የሚባል የተርሚናል ትዕዛዝ፣ ዊንዶውስ ላይ ፓወርቶይስ ውስጥ ያለው አዌክ አለ። ዊንዶውስ ግን በመሃል ለአፕዴት ብሎ ሪስታርት እንዳያደርግ «አክቲቭ አወርስ» የሚለውን ሌሊቱን በሚሸፍን መልኩ አስተካክሉት፤ እስከ 18 ሰዓት መያዝ ይቻላል። የላፕቶፑ ታች ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ቻርጀር ላይ አታሳድሩ፣ ባትሪው ይቀየር።

የመጨረሻው ችግር ተኝቷል ተብሎ የማይተኛው ላፕቶፕ ነው። ማታ ክዳኑ ተዘግቶ ጠዋት ሲነካ ትኩስ ነው፣ ወይም ባትሪው 15 በመቶ ቀንሷል። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች የቀድሞውን ኤስ3 የሚባል ስሊፕ ትተው ሞደርን ስታንድባይ በሚባለው ተክተውታል፤ ይህ እንደ ስልክ ስክሪኑን አጥፍቶ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ የሚቆይ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወርሲኤፍጂ የሚባለውን ትዕዛዝ ከ«ኤ» አማራጭ ጋር (powercfg /a) ስትሰጡት ላፕቶፑ የትኛውን እንደሚጠቀም ይዘረዝርላችኋል። ሞደርን ስታንድባይ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ በቀጥታ ሃይበርኔት እንዲያደርግ አስተካክሉት፤ በተለይ ወደ ቦርሳ የሚገባ ከሆነ። ኤስ3 ሆኖ ሳለ እየነቃ ካስቸገረ ቀስቃሹን ፈልጉ። ያው ትዕዛዝ ከ«ላስትዌክ» ጋር (powercfg /lastwake) ሲሰጥ መጨረሻ የቀሰቀሰውን መሣሪያ ስም ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ማውስ ወይም የኔትወርክ ካርድ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያንን መሣሪያ ከፍታችሁ፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የፈቀደለትን ምልክት አንሡ። መሣሪያ ካልሆነ በሰዓት የተያዘ ሥራ ነው፤ እሱን ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ከስሊፕ ሥር «ዌክ ታይመርስ» የሚለውን ዲሴብል በማድረግ ትዘጉታላችሁ።